በሰው አገር የሰው ልጅ ስለ ማስተማር

ለደመወዝ ወደ ሰው ቤት ከሚገቡት ሠራተኞች መካከል ሦስቱን እንመልከት፤ እነርሱም ፈጪ፣ እረኛና አስተማሪ ናቸው። ፈጪዪቱ ማታ ዱቄቷን በቁና አስለክታ ትሄዳለች፤ ቢሸረክት ወይም ቢጎድል ያን ጊዜውን ይታወቃል። እረኛውም ፀሐይ ስትገባ ከብቶቹን በበረቱ በር አስቈጥሮ ያስገባል፤ አንዲት ጥጃ ብትቀር የት አደረስሃት ተብሎ ይጠየቃል። የአስተማሪ ሥራ ግን በቁና አይሰፈርም፤ በበረትም በር አይቈጠርም። በልጅ ልብ ውስጥ ተሰውሮ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ጉድለቱም የሚገለጠው ብዙ ጊዜ አስተማሪው ደመወዙን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ሥራ ለውሸት የሚመቸው የአስተማሪ ሥራ ነው። ማንም ሳያውቅበት ሊዋሽ የሚችል ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ራሱን ሊጠብቅ ይገባዋል።

በአገራችን በጎጃም የቤት አስተማሪ ነገር አዲስ አይደለም። ትምህርት ቤት በየወረዳው ሳይከፈት በፊት ባላባቱና መኳንንቱ ለልጆቻቸው ፊደል የሚያስቈጥር፣ ዳዊትም የሚያስደግም ደብተራ ወይም ቄስ በቤታቸው ያኖሩ ነበር። የጎጃም ተወላጅ የሆኑት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓመተ ምሕረት ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፍ፣ በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር እንደ ነበረ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ሰው በቤቱ ውስጥ ያለው ስፍራ አስቸጋሪ ነው። እንግዳ እንዳይባል ዘወትር በዚያው ያድራል፤ ሎሌ እንዳይባል የጌታው ልጅ ተነሥቶ ይቀበለዋል፤ ዘመድ እንዳይባል ደመወዝ ይቈጠርለታል። ማዕድ በቀረበ ጊዜ የት እንደሚቀመጥ ራሱም ሆነ ቤተ ሰቡ አጥርተው አያውቁም። በገዛ አገሩ እንዲህ ከሆነ፣ በሰው አገርማ እንዴት ይበልጥ!

እኔ ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። በጮቄ ተራራ ግርጌ ከሚገኝ የገጠር ደብር ፊደል ቈጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ለመማር ደበሎ ለብሼ አኩፋዳ አንግቤ ከደብር ወደ ደብር ዞሬአለሁ። የቆሎ ተማሪ ስደትን በልጅነቱ ይለምዳል፤ የማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለትን፣ ከውሻም ጥርስ በዱላው ማምለጥን፣ የተሰጠውንም ቍራሽ አመስግኖ መቀበልን ይማራል። ከዚያ በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ ሒሳብና ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛም ተማርሁ። ሁለቱም ትምህርቶች እንጀራ ሰጥተውኛል፤ ሆኖም አባቴ በሞተ ጊዜ የተረፈው ዕዳና የፈረሰው ቤት በአስተማሪ ደመወዝ የሚከፈል አልሆነም። በዚያን ጊዜ አንድ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ ነበረኝ፤ ሚስቴም በሽተኛ ነበረች። ስለዚህ በካርቱም ከተማ የሚነግድ አንድ የአገራችን ሰው «ልጆቼን አማርኛ የሚያስተምርልኝ፣ ሃይማኖቱንና ወጉን የሚያውቅ ሰው ፈልጉልኝ» ብሎ በዘመድ በኩል በላከ ጊዜ እሺ አልሁ።

በመስከረም ወር 2001 ዓመተ ምሕረት ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ በባሕር ዳርና በጎንደር በኩል ወደ መተማ ወረድሁ፤ ከዚያም ድንበሩን ተሻግሬ በገዳሪፍ በኩል ካርቱም ገባሁ። ከብርዱ አገር ወደ ሐሩሩ አገር መውረድ ለደገኛ ሰው ከባድ ነው፤ ነፋሱ ሲነሣ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ግንብ ከተማውን ሸፍኖ ቀኑን ያጨልመዋል። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ሌላ ነው። በካርቱም ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱም መልካቸው ሳይቀላቀል ጥቂት መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ወንዙ በዚያ ወራት ገና ደፍርሶ ነበር፤ ያ ድፍርስ የአገሬ አፈር እንደ ሆነ አውቅ ነበርና በዳሩ ቆሜ ብዙ ጊዜ ተመለከትሁት። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ጨዋታ ስሰማው የኖርሁ ሰው፣ በዚያን ቀን ስለ እኔ የተነገረ መሰለኝ።

የገባሁበት ቤት ባለጠጋ ቤት ነው ባይባልም የጎደለው አልነበረም። የቤቱ ጌታ ቸር ሰው ነበር፤ በወጣትነቱ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ፣ በሰው ሱቅ ተቀጥሮ፣ ኋላም የራሱን ሱቅ የከፈተ ነው። ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ሁሉም በዚያው የተወለዱ ናቸው። በመንገድ ሲጫወቱ ዐረብኛ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ አማርኛ የሚሰሙት ከእናታቸው አፍ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ሰምተው የሚመልሱት በዐረብኛ ነው። አባታቸው በመጀመሪያው ማታ እንዲህ አለኝ፤ «የኔታ፣ እኔ ስሞት እነዚህ ልጆች አገራቸውን በምን ያውቋታል? ገንዘብ ላወርሳቸው እችላለሁ፤ ፊደል ግን የለኝም፤ እኔ ራሴ ያወቅሁት ጥቂት ነው። እባክዎ፣ ይህን ይስጡልኝ።» እንዲህ ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንባቢ ሆይ፣ ኋላ ስለዚህ ሰው የምናገረውን ስታነብ ይህን ቃሉን አትርሳ።

ትምህርቱን በፊደል ገበታ ጀመርን። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ድምፅ 231 ይሆናሉ፤ የሁለት ቋንቋ ልጆች ግን ከቍጥሩ ይልቅ ድምፁ ያስቸግራቸው ነበር። በዐረብኛ የሌሉትን ጰንና ጨን ለማውጣት ትንሿ ልጅ ጉንጭዋን ነፍታ ስትታገል ቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። የበኵሩ ልጅ ግን አሥራ አንድ ዓመቱ ነበረ፤ ጆሮው ድንቅ ነው። የሰማውን ሁሉ በሁለት ቀን ይይዘዋል። አባቱም ይህን አይቶ ደስ አለው፤ የአማርኛ ዳዊት ገዛለት፤ ደግሞ ዳዊት ሲነበብ የተቀዳበትን ድምፅ አምጥቶ በመኝታው አጠገብ አኖረለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ መጽሐፉን በጕልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስሄደ፣ መዝሙሩን ያለ ስሕተት ይል ጀመር።

እኔም አንድ ቀን ከኋላው ቆሜ ስመለከት፣ ጣቱ ገና ከመስመሩ መካከል ሳለ አንደበቱ ወደሚቀጥለው መስመር ተሻግሮ ነበር። ሁለት ቅጠል አልፌ ገለጥሁለት፤ እርሱ ግን የመጀመሪያውን መዝሙር ቀጠለ። በዚያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ አቡጊዳ የሚባለው ሁለተኛው የፊደል ተራ ለዚህ ያገለግላል። ልጅ ሀ ሁ ሂ እያለ በዜማ የያዘውን ቅደም ተከተል አፍርሶ፣ አ ቡ ጊ ዳ በማለት እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ እንዲያውቀው ያስገድደዋል። በአቡጊዳ ብጠይቀው ልጁ ከሦስቱ ሁለቱን ሳተ፤ ከዚያም አንገቱን ደፋ። አልቈጣሁትም። ልጁ አታላይ አልነበረም፤ አባቱ ሲደሰት ማየት የወደደ ልጅ ነበር እንጂ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው። የትንሣኤ በዓል በቀረበ ጊዜ የቤቱ ጌታ በካርቱም ያሉትን የአገሩን ሰዎች ለግብዣ ጠራ። በአገራችን ልጅ ዳዊት ሲደግም ለወላጅ ታላቅ ክብር እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ ድግስ ይደገሳል፤ አስተማሪውም ይሸለማል። እርሱም ወደ ክፍሌ መጥቶ፣ «የኔታ፣ በዕለቱ ልጄ በእንግዶቹ ፊት ያነባል፤ እርስዎም ተነሥተው ዳዊት ደግሟል ብለው ይመስክሩልኝ፤ በአገር ላሉት አባቴም በስልክ ይንገሩልኝ» አለኝ። እኔም፣ «ጌታዬ፣ ልጁ ብዙ መዝሙር በቃሉ ያውቃል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ እመሰክራለሁ። ማንበብ ግን ገና አልቻለም፤ ጊዜ ይስጡኝ» ብዬ ያየሁትን ሁሉ ነገርሁት።

ፊቱ ተለወጠ። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ቃሉ ያው ቃል አይደለምን? ከመጽሐፍ ቢያየው፣ በቃሉም ቢለው፣ ለሚሰማው ሰው ምን ልዩነት አለው?» አለ። ደግሞም፣ «እኔ የጠየቅሁዎ አንድ ቃል ነው። ለዚህች አንዲት ቃል እምቢ ካሉኝ ከበዓሉ በኋላ ሌላ ቤት ይፈልጉ» ብሎ ወጣ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልያዘኝም። ከደመወዜ እኩሌታው በየወሩ ወደ አገር ይላክ ነበር፤ ከእርሱም ዕዳው ይከፈላል፣ የሚስቴ መድኃኒት ይገዛል፣ ልጄም ይማርበታል። በሰው አገር ሥራ ያጣ ሰው ወዴት ይሄዳል? የሚጠይቀኝም ነገር ወርቅ መስረቅ አይደለም፤ ማንንም የማይገድል፣ ሽማግሌ የሚያስደስት አንዲት ቃል ነው። ነገር ግን ደጋግሜ ሳስበው እንዲህ ሆኖ ታየኝ። እኔ «አንብቧል» ያልሁ እንደ ሆነ ትምህርቱ በዚያው ቀን ያልቃል፤ የተመሰከረለት ልጅ ዳግመኛ ወደ አቡጊዳ አይመለስምና። ልጁም አላዋቂነቱን እንደ ነውር ደብቆ ያድጋል፤ እኔ እንዳወቅሁበትም ስለሚያውቅ፣ አስተማሪ ማለት ለጌታው የሚዋሽ ሰው እንደ ሆነ ከእኔ ይማራል። አባትየው የገዛኝ ልጁን ፊደል እንዳስተምርለት ነው፤ ቃሌን የሰጠሁት እንደ ሆነ ግን የገዛውን ዕቃ ሰርቄ ባዶ ስልቻ ሸጥሁለት ማለት ነው።

በማግሥቱ ሄጄ፣ «ጌታዬ፣ ሊያሰናብቱኝ ሥልጣን አለዎ፤ እስከ በዓሉ ድረስም ልጁን በትጋት አስተምራለሁ። በእንግዶቹም ፊት የልጁን የቃል ትምህርት በደስታ አመሰግናለሁ። ዳዊት ደገመ ብዬ ግን ልመሰክር አልችልም» አልሁት። ምንም አልመለሰልኝም። በበዓሉ ቀን ልጁ መጽሐፍ ሳይዝ ሁለት መዝሙር በቃሉ አለ፤ እንግዶቹም አጨበጨቡ፤ እኔም ይህ ልጅ ጆሮውና ልቡ የተባረከ ነው ብዬ ተቀመጥሁ። ስለ ንባብ የተናገረ ሰው አልነበረም። ከበዓሉ በኋላ አልተሰናበትሁም፤ ሆኖም ጌታው ለብዙ ሳምንት ከሰላምታ በቀር አልተናገረኝም፤ በየወሩም ደመወዜን በሌላ ሰው እጅ ይልክልኝ ነበር።

በሰኔ ወር ከጎጃም ደብዳቤ መጣ። የልጁ አያት ፊደል የማያውቁ ገበሬ ናቸው፤ ስልክ ሳለ የደብራቸውን ቄስ አስጽፈው ደብዳቤውን በመንገደኛ እጅ ላኩ። በላዩም «ለልጅ ልጄ፤ ራሱ ያንብበው» የሚል ነበረበት። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ወደ ክፍሌ ገባና፣ «የኔታ፣ ያንብቡልኝ» አለኝ። በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ነገር በተቀዳው ድምፅ ውስጥ የለም፤ ከትናንት በስቲያ የተጻፈ አዲስ ነገር ነውና በቃል ሊያዝ አይችልም። እኔም፣ «አያትህ ራሱ ያንብበው ብለዋል፤ ና አብረን እንቀመጥ» አልሁት። በመጀመሪያው ማታ ሰላምታውን ብቻ ለየን። በሁለተኛው ማታ «ላም» የሚለውን ቃል አገኘና ጮኸ። ከዚያም በየማታው አንድ ሁለት መስመር እያልን፣ አንዳንዱን ፊደል ከገበታው ጋር እያመሳከርን፣ በአሥራ አንደኛው ማታ ጨረስነው። ደብዳቤው ለልጁ የተሰጠችው ቀይ ላም ጥጃ እንደ ወለደች፣ ጥጃዪቱም ቡሬ እንደ ሆነች፣ በመጣም ጊዜ ስም እንዲያወጣላት ይናገር ነበር።

በመጨረሻው ማታ ልጁ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ለብቻው አነበበው፤ እየተሰናከለ፣ እየተመለሰ፣ ጣቱም አንደበቱም አንድነት እየሄዱ። ራሴን ቀና ባደርግ አባቱ በበሩ መቃን ተደግፎ ቆሟል። ስንት ጊዜ እንደ ቆመ አላውቅም። የገዛ አባቱን ቃል ከልጁ አፍ ሰማ። አልተናገረኝም፤ በማግሥቱ ግን ደመወዜን በገዛ እጁ አመጣልኝ።

ይህ ነገር ስለ አባ ጎርጎርዮስ ያነበብሁትን አሳሰበኝ። እኒህ ሰው ከቤተ አምሐራ ከመካነ ሥላሴ የሄዱ የኢትዮጵያ ካህን ናቸው። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1649 ዓመት በሮም ከተማ ኢዮብ ሉዶልፍ ከተባለ ከጀርመን አገር ወጣት ጋር ተገናኙ፤ በ1652ም የጎታው መስፍን ኤርነስት ጠርቷቸው ወደ ጀርመን አገር ሄዱ፤ በጎታም ግንብ ተቀምጠው ከሉዶልፍ ጋር በግእዝ እየተነጋገሩ ቋንቋችንንና የአገራችንን ነገር አስተማሩት። ሉዶልፍ አስቀድሞ ግእዝን ከመጽሐፍ ተምሮ ነበር። ስለዚህ የእርሱ ጉድለት ከእኔ ተማሪ ጉድለት ጋር ተቃራኒ ነው፤ የእኔ ተማሪ ድምፅ አለው፣ ፊደል ግን የለውም፤ ሉዶልፍ ፊደል አለው፣ የሕያው ሰው ድምፅ ግን ይጎድለው ነበር። የአስተማሪ ጥበብ ያለውን ማመስገን ብቻ አይደለም፤ የጎደለውን ለይቶ ማወቅና እርሱን መሙላት ነው። ሉዶልፍ በ1661 የግእዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698ም የአማርኛን ሰዋስው አሳተመ፤ አስተማሪው አባ ጎርጎርዮስ እንደ ነበሩም ለዓለም ገለጠ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱንም አላዩም፤ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። በሰው አገር የሚያስተምር ሰው የዘራውን ራሱ አጭዶ ለመብላት ተስፋ አያድርግ፤ ይህ ሙያ እንዲህ ነው።

ይህን ስል በቃል መያዝን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ዜማና ቅኔ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፍ የኖረው ከሁሉ በፊት በቃል ነው። በካርቱምም ኸልዋ በሚሉት የእስልምና ትምህርት ቤት ልጆች የቁርኣንን ቃል በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ በቃላቸው ሲይዙት አጥበው ሌላ ሲጽፉ አይቻለሁ፤ ድምፃቸው ከሩቅ ሲሰማ የልጅነቴን ጉባኤ ቤት ያስታውሰኝ ነበር። ቃል ትምህርት ትናንት የተባለውን ይጠብቃል፤ ንባብ ግን ነገ የሚጻፈውን ለመቀበል በር ይከፍታል። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ክፉው አንዱን ሌላው ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ገዛ ልጄ ልናገር። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል፤ እኔ በካርቱም የሰውን ልጅ ጣት ይዤ ፊደል ሳስቈጥር፣ የእኔ ልጅ በደብረ ማርቆስ አባት ሳይኖረው ፊደል ይቈጥር ነበር። በሰው አገር ሆነው የሰው ልጅ የሚያሳድጉ አባቶችና እናቶች ሁሉ ይህን ኀዘን ያውቁታል፤ የእንጀራው ዋጋ እርሱ ነው። ስለዚህ ከደመወዜ ከፍዬ ማታ ማታ የሚያስጠናው አንድ ወጣት አስተማሪ ቀጠርሁለት። በመጀመሪያው ደብዳቤው ልጄ ጎበዝ፣ ጨዋ፣ አስተዋይ እንደ ሆነ ጻፈልኝ፤ ደስም አለኝ። ነገር ግን ደብዳቤውን ደግሜ ሳነበው ልጄ ምን እንደሚያውቅ ከእርሱ ላገኝ አልቻልሁም። ስለዚህ፣ «ወንድሜ ሆይ፣ የሚችለውን ነግረኸኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ደግሞ የማይችለውን ንገረኝ» ብዬ ላክሁበት።

መልሱ እንዲህ የሚል ነበር፤ «ልጅዎ ቸኵሎ ያነባል፤ ያላየውን ቃል በግምት ይሞላዋል። በሒሳብ መቀነስ ይሳሳታል። ደግሞም ስለ እርስዎ ሲጠየቅ ዝም ይላል።» ይህን ባነበብሁ ጊዜ ልቤ ተወጋ። ራሴ የጠየቅሁትን እውነት ስቀበል እንኳ እንዲህ ከመረረኝ፣ ያ የቤቱ ጌታ ሳይጠይቀው በመጣበት ጊዜ እንዴት ይምረረው! የእርሱ ቍጣ ከክፋት እንዳልመጣ ያን ጊዜ ተረዳሁ። ስደተኛ አባት ልጁ ከእጁ እንዳያመልጥ ይፈራል፤ ከፍርሃቱ የሚያሳርፈውን ቃል ይሻል፤ ውሸትም ቢሆን ይገዛዋል። ስለዚህ ነው እውነትን የሚናገር አስተማሪ ቃሉን በርኅራኄ ሊናገር የሚገባው፤ ርኅራኄው ግን እውነቱን እንዲያለዝበው እንጂ እንዲለውጠው አይሁን። እኔም ለልጄ በየሳምንቱ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርሁ፤ በየደብዳቤውም በግምት ሊሞላ የማይችል አንድ አዲስ ቃል አኖርበት ነበር። ዕዳውም ባለቀ ጊዜ፣ በ2004 ዓመተ ምሕረት፣ ወደ አገሬ ተመለስሁ።

በሚያዝያ ወር 2015 ዓመተ ምሕረት በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፤ እኔ በሄድሁበት በመተማ በኩልም ብዙ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ያ ቤተ ሰብ ተበተነ፤ ሱቁም ቤቱም ቀረ። አባትየው በዚያ በመጀመሪያው ማታ «ገንዘብ ላወርሳቸው እችላለሁ» ብሎኝ ነበር፤ ገንዘቡ ግን አልተወረሰም። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያ ከበኵሩ ልጅ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ አሁን ጐልማሳ ሆኗል። በአማርኛ፣ በገዛ እጁ የጻፈው ነው። ሀን በሐ፣ ሰን በሠ ቦታ እያስገባ ብዙ ስቶ ነበር፤ እኔም ስሕተቱን እያየሁ ደስ አለኝ፤ የተቀዳ ነገር በቃል የሚደግም ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት አይስትምና። የጻፈው ሁሉ የራሱ ነበረ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ አስተማሪያችሁ «ይህን አላወቅህም» ሲላችሁ አትዘኑበት፤ ከሚያቈላምጣችሁ ይልቅ እርሱ ይወዳችኋል። አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ይልቁንም በሰው አገር ያላችሁ፣ አስተማሪውን ልጄ ምን ቻለ ብላችሁ ብቻ አትጠይቁት፤ ምን ቀረው ብላችሁም ጠይቁት፤ በነገራችሁም ጊዜ እንጀራውን አታሳጡት፤ አስተማሪ እየተራበ እውነት እንዲናገር የሚያስገድድ ቤት ውሎ አድሮ ውሸት የሚሰማ ቤት ይሆናልና። አንተም ወደ ሰው ቤት ለማስተማር የምትሄድ ወጣት፣ ጌታህን አክብር፣ በማዕዱም በሰጡህ ስፍራ ተቀመጥ፣ ስለ ክብር ቦታ አትከራከር። ደመወዝህ ጊዜህንና ድካምህን ይግዛ፤ ምስክርነትህን ግን አትሽጥ።